ሀ በሀ ላይ

የዛሬውን ጨዋታ ከካርቶን ልጀምርላችሁ፣ ልጆቼ። ከሁለት ክብ ካርቶን።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አውቶቡስ አጣቢዋ አረፋው እስከ ክርኗ እንደ ደረሰ መስኮቴን አንኳኳች። እኔ የመናኸሪያው የጠፋ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጃንጥላ በሉት፣ አንድ እግር የልጅ ጫማ በሉት፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ክራንች (ባለቤቱ በምን እግሩ እንደ ሄደ እንጃ!) ሰው አውቶቡስ ላይ የማይረሳው ነገር የለም፤ የረሳው ሁሉ እኔ ዘንድ ያርፋል። መናኸሪያው በሙሉ «እማማ ጠፋ» እያለ ይጠራኛል። ሥራዬ አንድ ሕግ አለው፦ ምልክቱን ያልተናገረ ዕቃውን አይወስድም። ቦርሳው የኔ ነው ማለት አይበቃም፤ ዚፑ በምን ቀለም ክር እንደ ተሰፋ ንገረኝ እላለሁ።

«እማማ ጠፋ፣ ይቺን ይያዙልኝ፤ እጄ እርጥብ ነው።»

«ከየት አገኘሻት?»

«ምን አገኘኋት፤ ተሰጠችኝ እንጂ።» ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሾፌሩ ፍሬን ነው የሰጠኝ። ‹ወንበር ሥር ወድቃ ተገኘች በያቸው፤ ባለቤቷ መጥታ ትወስዳለች› አለኝ። እኔ ደግሞ ውሸት ስለማልችል እንዳለ ነገርኩዎት።»

«ውሸት የማትችዪው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት ወዲህ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ፊቱን ቢያዩት አንጀትዎን ይበላዎታል። መንገድ አድክሞት ነው ብዬ ነበር። ድካም እንዲህ አያደርግም፣ እማማ።»

ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። ሁለት ክብ ካርቶን፣ ትንሹ በትልቁ ላይ ተደርቦ። በሁለቱም ጠርዝ ዙሪያ ፊደል ተጽፎበታል፣ ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ። ትንሹን ስታሽከረክሩት የላዩ ፊደል ከታቹ ፊደል ፊት እየተቀያየረ ይቆማል። መሃላቸውን አጣብቃ የያዘችው ደግሞ ምስማር እንዳትመስላችሁ፤ የሴት ጉትቻ ናት። ሰማያዊ ፈርጥ ያላት፣ ሽንብራ የማታህል ጉትቻ። መርፌዋ ሁለቱን ካርቶን በስታ አልፋ ከኋላ በመያዣዋ ተይዛለች።

ዕቃዋን አወቅኳት። ምክንያቱም ያቺን ጉትቻ እዚሁ መስኮት ላይ ቆሞ የጠየቀኝ ሰው አለ። ጠይቆኝም አልተወም፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ተገኘች?» ይላል። እሱም የስምሪቱ ኃላፊ ነው።

እንግዲህ አዲስ የመጣችሁም እንዳትቸገሩ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ።

ፍሬን የሩቁ መስመር ሾፌር ነው። መታጠፊያው ገና ከሩቅ ሲታይ ፍሬን መያዝ ስለሚጀምር ጓደኞቹ ይህን ስም አወጡለት፤ እሱም ሳይቀየም ለመደው። መነጽር ደግሞ ፎቅ ላይ፣ በስምሪት ክፍሉ መስታወት ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ የመጣች። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ አዳራሹ ላይ ባለው ትልቁ ሰሌዳ የምትጽፈው እሷ ናት። አባቷ ኃላፊው ነው።

ፍቅራቸው ምን ነበር ብትሉኝ ይኸው ነው፦ እሱ አውቶቡሱን አቁሞ ሲወርድ ወደ መስታወቱ ቀና ይላል፤ እሷ መነጽሯን በጣቷ ታስተካክላለች። አንድ ሁለቴ ሻይ ጠጥተዋል። መናኸሪያ ግን ዓይንም አፍም አለው፤ ነገሩ አባት ጆሮ ደረሰ።

አባት አልጮኸም። ፍሬንን ጠርቶ አስቀመጠና እንዲህ አለው፦ «አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም። ግን ሾፌር ነህ። እኔም ሾፌር ነበርኩ። እናቷ መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። የሞተች ዕለት እንኳ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ልጄ መስኮት ላይ ቆማ እንድታረጅ አልፈልግም።»

አባት ቀጠለ፦

«ግማሽ ዓመት እንዳትደውልላት፣ እንዳታገኛት። ከዚያ ወዲያ ልባችሁ ያው ከሆነ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ማልልኝ።»

ማለ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እየተባለ ያደገ ልጅ ነው፤ እሱ ከማለ አለቀ። አባት የተማመነው ግን በመሐላው ሳይሆን በጊዜው ነበር፤ ጊዜ የማያቀዘቅዘው ነገር የለም ብሎ።

መነጽር ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «እኔንማ ማን አስማለኝ?»

አሁን ስለ ካርቶኑ። በየአውቶቡሱ መሪ አጠገብ አንዲት ትንሽ ስክሪን አለች። ከስምሪት «ድልድዩ ተዘግቷል፣ በላይኛው መንገድ ዙር» ተብሎ ይጻፍባታል፤ ሾፌሩም ቆሞ ይመልስባታል። የሚጻፈውን ግን አባትም ያያል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለውም ያያል። ስለዚህ ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራች። ፕሮግራሟ የጻፈችውን ዐረፍተ ነገር ፊደል በፊደል ታነሣዋለች፤ እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ፈንታ ጎረቤቱን ይልካል። ለ ብትጽፉ ሐ ይወጣል፣ ላ ብትጽፉ ሓ። የመጨረሻው ፐ ጎረቤት ስለሌለው ዞሮ ሀን ይልካል፤ ልክ የመስመሩ መጨረሻ ደርሶ ወደ መነሻው እንደሚመለስ አውቶቡስ። እናም «ሰላም» ያለችው «ሸሓሥ» ሆኖ ይወጣል። ከሸሓሥ ምን ይገኛል? አባት ሲጠይቃት «የሲስተም ሙከራ ነው፣ አባዬ» አለችው። ሲስተም የሚባል ነገር ሲነሣ አባት ወዲያው ወሬ ይለውጣል።

ፍሬን ኮምፒውተር የለውም። ለእሱ አዲስ ጎማ ከመጣበት ካርቶን ሁለት ክብ ቆርጣ፣ ፊደሉን ጽፋ፣ አሠራሩን በወረቀት አስረድታ ሰደደችለት። መሃሉን የሚይዝ ነገር አጣችና ከጆሮዋ ጉትቻዋን ነቅላ በዚያ ወጋችው። የእናቷን ጉትቻ። ለአባቷ «ጠፋችብኝ» አለችው። ሰውየው ያን ቀን ነው እኔ መስኮት የመጣው።

ፍሬን መጀመሪያ ላይ ሕሊናው ከሰሰው። ከዚያ «ስልክ ነው የማልኩት፤ ስክሪን አልማልኩም» ብሎ ራሱን አሳመነና ካርቶኑን መሪው አጠገብ ሰካው።

ሰው እንዳይነቃባቸው አንድ ነገር ጨመሩበት። እያንዳንዱ መልእክት ካለፈ በኋላ ሁለቱም አንድ ፊደል ይጨምራሉ። ዛሬ ጎረቤቱን የላከ ፊደል በሚቀጥለው የጎረቤቱን ጎረቤት ይልካል። እሷ ጋ ፕሮግራሙ ራሱ ይጨምራል፤ እሱ ጋ ካርቶኑን በጣቱ አንድ ፈቀቅ ያደርጋል። እንዲህ እያሉ ወራት ሄዱ። እሱ ዝናብ ዘነበ ይላል፤ እሷ ቀዝቃዛ ዳቦ እንዳትበላ ትላለች። ትልቅ ነገር አልተነጋገሩም፤ ግን ልጅቷ ደረጃውን ስትወርድ ታዜም ነበር። እኔ መስኮቴ ሥር ሆኜ እሰማት ነበር።

ከዚያ ዜማው ቀረ።

ምን ሆነ? የሆነውን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ለፍሬን «ሰላም» የሚለው መልእክት በድንገት «ሸሓሥ» ሆኖ ደረሰው፤ ካርቶኑ ፈትቶለት ማለት ነው! ደግሞ ቢፈታው ያው ሸሓሥ። የሚቀጥለውም ትርጉም የለሽ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? «አሠራሩን ቀይራለች» ብሎ አሰበ። «እንዳልገባባት በሩን ዘጋችው። ለምን እንደሆነ ለመናገር እንኳ አልፈለገችም።»

እሷ ጋም እንዲሁ። የሱ መልእክት ሲፈታ «ረሃሕ» ምናምን ይላል። እሷ የሠራችው ፕሮግራም እንከን የለውም፤ ይህን እርግጠኛ ናት። እንግዲያው ጥፋቱ የሱ ነው። «ካርቶኑን ለጓደኞቹ ሰጥቶ መጫወቻ አደረገኝ» አለች። ተናዳም ጻፈችለት፤ ቀልዱ ይብቃ ብላ። ያም የደረሰው እንደ ሌላው ነው።

ደውለው አይነጋገሩ ነገር፣ መሐላ አለ። ፍሬን ወደ መስታወቱ ቀና ማለቱን ተወ። እሷም ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለቱም ተከፍተው፣ ሁለቱም ትክክል ነኝ ብለው፣ ሁለቱም ዝም አሉ። 

አባት ደግሞ ጊዜ ሥራውን መሥራቱን ሲያይ ደስ አለው። ፍሬንን ጠራና «ወደ ሩቁ ጣቢያ ተዛወር፤ ቤትም አለው፣ ደህና ሥራ ነው» አለው። ከዚያ ጣቢያ የሚነሡ አውቶቡሶች ወደኛ መናኸሪያ አይመጡም። ከፈረመ ፍሬንን ዳግመኛ አናየውም። የሚፈርመው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ አውቶቡሱን ይዞ ከመውጣቱ በፊት፣ ታች አዳራሹ ውስጥ ባለው በስምሪቱ መስኮት ላይ። ለዚህ ነው ጠዋት ካርቶኑን በአጣቢዋ እጅ የሰደደው። የእናት ጉትቻ ይዞ መሄድ አልሆነለትም፤ በእጁ ሊሰጣት ደግሞ አላገኛትም ብሎ ምሏል።

አጣቢዋን «መነጽርን ጥሪልኝ፤ ዕቃሽ ተገኘ በያት» አልኳት።

ልጅቷ ሥራ ይዟት ከሰዓት በኋላ ነው ፊቷን አጥቁራ የመጣችው። «እማማ ጠፋ፣ እኔ ምንም አልጠፋኝም።»

«እንግዲህ አንቺ ምልክት መናገር አያሻሽም» ብዬ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። አልነካችውም።

«መለሰልኝ?»

«መለሰልሽ።»

«ቀልዱ አለቀበታ! ጓደኞቹ ጠገቡት መሰለኝ።»

«እኔ የማውቀው የለም፣ ልጄ። አጣቢዋ ግን ፊቱ ጥሩ አይደለም ብላለች።»

«ፊቱን ተዉት፣ እማማ። አንድ ቁም ነገር ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ካርቶኑን አነሣች፤ ጉትቻዋን ልትነቅል። ጣቷ መያዣዋ ላይ ሳለ ቆመ። ዓይኗን አቅርባ ካርቶኑን አየች። መነጽሯን አወለቀች፣ በሸሚዟ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

«ምነው?»

«በ ላይ ነው።»

«ምኑ?»

«የትንሹ ሀ ከትልቁ በ ፊት ቆሟል። እኔ ጋ ኮምፒውተሩ ተ ላይ ነው። መሆን የነበረበት ተ ላይ ነው።»

እኔ ምን ይገባኛል? «ትንሽ ቢያልፍ ምናለበት» አልኳት። «በ እና ተ ጎረቤት አይደሉም እንዴ?»

ትኩር ብላ አየችኝ። እንዲህ ስታየኝ ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር።

«ጎረቤት ናቸው» አለች በቀስታ። «እየቆጠረ ነበር ማለት ነው፣ እማማ። ቢጫወትበት ኖሮ የት በደረሰ! እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እያንዳንዷን እየቆጠረ አንድ አንድ ሲያዞር ነው የኖረው። አንዲት ብቻ ጎድላበታለች።» ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ገደሉ!»

«የምን ገደል?»

«ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ የለም። አንዷን መልእክት እዚያ ሲደርስ ልኬለት መሆን አለበት። አልደረሰችውም። እሱ ያልደረሰውን ከየት አውቆ ይቆጥር? የኔ ኮምፒውተር ግን ገና ስልከው ቆጠረ። መድረሱን ሳላይ እንዲቆጥር አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ፊደል ተላልፈን ነው የምንነጋገረው።»

የጠፋ ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል እላለሁ። ያቺ መልእክት ግን እኔም ጋ አልመጣችም።

ስልኳን አወጣች። ያልተፈቱትን መልእክቶቹን ሁሉ በፎቶ አስቀርታቸው ኖሯል። (ለምን አስቀረሻቸው አላልኳትም። የተጠላ ነገር እንዲህ ተጠብቆ አይቀመጥም።) እያንዳንዱን ፊደል አንድ ፈቀቅ እያደረገች፣ በጣቷ ካርቶኑን እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ረሃሕ የሚለው ሰላም ሆነ።

«‹ሰላም ነው። ጎማ ቀይሬ ነው የዘገየሁት።›» ድምፅዋ ገና ደህና ነበር።

«‹የላክሽው አልተነበበልኝም። ድገሚልኝ።›

«‹አሁንም አልገባኝም። ካርቶኑን አርጥቤው ይሆን? ጥፋቱ የኔ ከሆነ ንገሪኝ።›

«‹ተቆጥተሽ ነው?›»

እዚህ ላይ ቆመች። ውኃ ቀዳሁላት፤ አልጠጣችም።

«‹አባትሽ ወደ ሩቁ ጣቢያ ተዛወር አሉኝ። አንቺ አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። አንድ ቃል በቂዬ ነው።›»

ይህችን ሁለቴ አነበበቻት። ሁለተኛው ላይ ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። እኔ የሷን መልስ አልጠየቅኳትም፤ እሷ ግን ነገረችኝ። «እኔ ምን ብዬ እንደ መለስኩለት ያውቃሉ? ‹እንደ ፈለግህ ሁን› ነው ያልኩት። ደግነቱ አልተነበበለትም።»

አስቃም አስለቀሰችኝ፣ ልጆቼ።

የመጨረሻዋ አጭር ናት። የተላከችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። «‹ጉትቻዋን መልሻለሁ። የእናትሽ ናት፤ እኔ ጋ ልትቀር አይገባም። በሩን ስለ ዘጋሽው አልቀየምሽም። ደህና ሁኚ።›»

በመስኮቴ በኩል የስምሪቱ መስኮት ይታያል። ቀና ብዬ ሳይ ፍሬን ቆሟል። ልብሱን ቀይሯል፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጓል። ከመስኮቱ ወዲያ አባት ወረቀቱን እያስተካከለ ነው።

«ልጄ፣ እየፈረመ ነው» አልኳት።

ብድግ አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና ንገሪው እንጂ!»

«መሐላውን ላፈርስበት?» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቆ ጠብቆ፣ እኔ ሮጬ ሄጄ አባቴ ፊት ላዋርደው? ፊት ለፊቴ ቢያየኝ ዓይኑን ነው የሚጨፍነው። ያውቁታል።»

«በዚያች በስክሪኗ ላኪለታ።»

«አውቶቡሱ ውስጥ የለም። ካርቶኑም ይኸው እዚህ ነው፤ በምን ይፈታዋል?»

ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ወደ ፎቅ በረረች። ደረጃው ላይ ጫማዋ ሲንኳኳ ሰማሁ።

አዳራሹ እንደ ቅዳሜው ሙሉ ነበር። ሰው ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ሰሌዳው ሰቅሏል። ድንገት የመነሻ ሰዓቶቹ ሁሉ ጠፉና በምትካቸው እንዲህ የሚል ወጣ፦

«ለሩቁ መስመር ሾፌር። በሩን አልዘጋሁትም። አንድ ፊደል ተላልፈን ነው። የጻፍክልኝን ሁሉ ዛሬ አነበብኩት። አትሂድ። መነጽር።»

አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ።

«ይሄ ወዴት የሚሄደው ነው?» አለ አንድ ባለ ሻንጣ።

«የትም አይሄድም፤ አትሂድ ነው የሚለው» አለችው አጠገቡ ያለች ሴት።

አንዲት አሮጊት ዓይኗ አልደርስ ብሏት «ምን ይላል? አንብቡልኝ» አለች። አንድ ጎልማሳ ጮክ ብሎ አነበበላት። እሷም ሰምታ ስትጨርስ «ሾፌሩ የቱ ነው? ቀና በል በሉት እንጂ!» አለች።

ፍሬን ብዕሩን ይዞ አጎንብሶ ነበር። የራሱ ወሬ መሆኑን የነገረው የአዳራሹ ዝምታ ይመስለኛል፤ ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየ። አነበበ። ለማንበብ ካርቶን አላስፈለገውም፤ ፕሮግራሟን ዜሮ ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ፊደል በገዛ ቦታው ትታ ነው የላከችው። አባቷም እንዲያነበው፣ አላፊ አግዳሚውም እንዲያነበው።

ብዕሩን ቀስ አድርጎ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። አልፈረመም።

አባት ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሰሌዳውን አየ፣ ፍሬንን አየ፣ ደግሞ ሰሌዳውን አየ። የተናገረው ግን ይህን ብቻ ነው፦ «የመነሻ ሰዓቶቹ የት ሄዱ? ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው።» ሰዓቶቹ ተመለሱ። ሰውየው ወጣ፤ ፍሬንን በክንዱ ያዘና «አንድ ፊደል ምንድን ነው? አስረዳኝ» አለው።

«ጋሼ፣ ለማስረዳት ዕቃው ያስፈልጋል። ዕቃው እማማ ጠፋ ጋ ነው።»

እንዲህ ሆነው ነው ሁለቱ መስኮቴ ላይ የቆሙት።

«አንዲት ዕቃ ነበረችኝ፣ እማማ» አለ ፍሬን።

«ምልክቷን ተናገር።»

«ያውቁኛል እኮ!»

«ባውቅህስ? ምልክት ሳይናገር ማንም አይወስድም። ኃላፊም ቢሆን» አልኩና አባትን በዓይኔ ገረፍ አደረግኩት።

ፍሬን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ክብ ካርቶን ናት። ፊደል ተጽፎባታል። ከጀርባዋ የጎማ ሥዕል ግማሹ አለ። ጠርዟ ላይ የጣቴ ግሪስ አለባት… ሁልጊዜ በዚያ በኩል ስለማዞራት።»

«መሃሏስ?»

አባትን አላየውም፤ እኔን ነው ያየኝ፣ እንድምረው። አልማርኩትም። አንዳንዴ ሰውን መማር ማለት እንዲናገር መተው ነው።

«መሃሏ ላይ ጉትቻ አለች» አለ። «ሰማያዊ።»

አባት ከመስኮቴ ጠርዝ ላይ እጁን አነሣ። ካርቶኑን አውጥቼ በመሃላቸው አኖርኩት። ሰውየው ጉትቻዋን በአውራ ጣቱ ነካት፣ ልክ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልነግራችሁም። ያቺን ጉትቻ ከሩቅ አገር መንገድ የገዛት ራሱ ነበር፤ በዘገየባት ጊዜ ለሚስቱ መታረቂያ።

«ጠፋችብኝ ነበር ያለችኝ» አለ።

«አልጠፋችም፣ ጋሼ። እኔ ጋ ነበረች። በየመንገዱ።»

«ይቺ ናት እንግዲህ የሲስተም ሙከራ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስልክ አልደወልክም?»

«አልደወልኩም።»

«አላገኘሃትም?»

«አላገኘኋትም። ከታች ቀና ብዬ አይቻታለሁ እንጂ።»

«እሱን አላስማልኩህም» አለ አባት።  አውቶቡሶች ሲወጡ መስኮቴ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞ እስኪናገር ሁለት ወጡ መሰለኝ። «እናቷ ደብዳቤ እንድጽፍላት ትለምነኝ ነበር። መንገድ ላይ ምን ይጻፋል፣ አቧራ ነው፣ ጎማ ነው እላት ነበር።» ካርቶኑን አነሣ። «አንተ ይህንኑ አቧራና ጎማ ነው የጻፍክላት?»

«ሌላ ምን አለኝ፣ ጋሼ?»

በዚህ መሃል ልጅቷ ደረጃውን ወርዳ መጣች። ፍሬን የጫማዋን ድምፅ ሲሰማ ምን አደረገ መሰላችሁ? እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምሏላ! ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ እኔ የለጠፍኩትን «ዕቃዎን አይርሱ» የሚል ማስታወቂያ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረ። አጣቢዋ ከባልዲዋ ኋላ ሆና አፏን በእጇ ያዘች።

መነጽር አባቷ ፊት ቆመች። አንድ ጆሮዋ ላይ ሰማያዊ ጉትቻ አለ፤ ሌላው ባዶ ነው።

«አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ።»

አባት ያንን አልመለሰላትም። ካርቶኑን ዘረጋላት። «ይቺ ምስጢር ሳይኖርባት የት ላይ ነው የምትቆመው?»

«ሀ በሀ ላይ፣ አባዬ።»

በወፍራም ጣቱ ትንሹን ካርቶን አዞረው፤ አለፈው፣ መለሰው፣ እንደገና አለፈው። የልጅቷ እጅ ልትረዳው ተነሣ፤ አልፈቀደላትም። ሀ ከሀ ፊት ሲቆም ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ በፍሬን በኩል አስቀመጠው።

«እማማ ጠፋ፣ ዕቃ ካልጠፋ እርስዎ ክፍል ምን ይሠራል? ለባለቤቱ ይስጡት» አለኝ። ከዚያ ወደ ፍሬን ጀርባ ተመለከተ፤ ድምፁ ጎርነን አለ። «አንተ ደግሞ፣ ያን ግድግዳ ስንት ጊዜ ታነበዋለህ? ዙር።»

ዞረ።

ቀና ብሎ አያት፣ ልጆቼ። እሷ መነጽሯን በጣቷ አስተካከለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የምታደርገው ከመስታወት ኋላ ሆና ነበር።